ምን ተሸክማ ነው፣ ጥጥ? አኒሜሽን ስማር ክብደትን የፈለግኩበት መንገድ

ባለፈው ዓመት ለአኒሜሽን ኮርስ የሠራኋትን የ10 ሰከንድ ፊልም መጀመሪያ ያሳየሁት ለመምህራችን አይደለም፤ ለጎረቤታችን ለእማማ ነው። ቤታችን ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። እማማ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው እያወረዱ፣ እሱን እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ፊልሟም ስለዚሁ ነበረች፤ እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት ቁልቁለቱን ስትወርድ ታሳያለች። ሦስት ሳምንት ለፍቼባታለሁ። ፊቷን፣ ነጠላዋን፣ የእንጨቱን ልጣጭ ሳይቀር አሳምሬያለሁ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩላቸው። እማማ ዝም ብለው አዩ። "እስኪ ድገሚው" አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ፣ "ቆንጆ ናት። ግን ምን ተሸክማ ነው የኔ ልጅ፣ ጥጥ?"

ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ቅዝቅዝ አለ። ልክ ነበሩ። ፊልሟ ውስጥ እንጨት አለ፣ ሸክም ግን የለም።

ይህን የምጽፍላችሁ ያ ሸክም የት ጠፍቶ እንደነበርና በክፍል ፕሮጀክቶቻችን ውስጥ እንዴት እንደፈለግኩት ልነግራችሁ ነው። አኒሜሽን መማር የምትፈልጉ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። "ፊዚክስ ለምኔ ነው?" ለምትሉም እንዲሁ፤ እኔም እንደዚያ እል ነበርና።

ከጀበና መጀመር

የኮርሱ የመጀመሪያ ፕሮጀክት ሞዴሊንግ ነበር። ሞዴሊንግ ማለት አንድን ዕቃ ኮምፒውተር ውስጥ ከነርዝመቱ፣ ከነስፋቱና ከነከፍታው መቅረጽ ነው። መምህራችን "ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ" አሉን፤ እኔ ጀበና መረጥኩ። በነገራችን ላይ በኮምፒውተር ግራፊክስ ታሪክ በጣም ዝነኛው ሞዴል የጀበና ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርቲን ኒውዌል የሚቀርጸው ነገር ሲያጣ ባለቤቱ "የሻይ ዕቃችንን ለምን አትሞክርም?" አለችው። የቤታቸውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ቀረጸ። ዛሬም ድረስ የግራፊክስ ባለሙያዎች አዲስ ነገር ሲሠሩ በዚያ ማንቆርቆሪያ ይሞክራሉ። እውነተኛው ዕቃ ካሊፎርኒያ ውስጥ በኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

የምንጠቀምበት ሶፍትዌር ብሌንደር ይባላል። በነጻ ይወርዳል፤ ሕጋዊ ነው፤ ማንም አይጠይቃችሁም። ቶን ሩዘንዳል የሚባል ሆላንዳዊ የጀመረው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2002 ከተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ ተዋጥቶ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ያገኘው "ፍሎው" የሚባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚሁ በብሌንደር ነው። ይህን የማነሳው እንድትጓጉ ብቻ አይደለም። "ሶፍትዌሩ ውድ ነው" የሚለውን ሰበብ ከእጃችሁ ልቀማችሁ ብዬ ነው።

ኮምፒውተር ስለ ጀበና የሚያውቀው ነጥቦችን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር አለው፤ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ፊት ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። ሁለት ነጥብ ሲገናኝ ጠርዝ ይሆናል፤ ሦስት ጠርዝ ሲዘጋ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን ገጽ። ኮምፒውተሩ በመጨረሻ ሁሉንም ነገር ወደ ባለ ሦስት ማዕዘን ቆራርጦ ነው የሚያሳየው። ለምን ሦስት? ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቡ። ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ብታስቀምጡት አይነቃነቅም። ባለ አራት እግሩ ወንበር ግን አንድ እግሩ ሊንጠለጠል ይችላል። ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ዝርግ ገጽ ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ሲጨመር ዋስትና የለም። ኮምፒውተሩም እንደ በርጩማ ሠሪው የማይነቃነቀውን ይመርጣል።

ጀበናውን ለመቅረጽ የሆዱንና የአንገቱን የአንድ ጎን ቅርጽ ብቻ በ12 ነጥብ ሠራሁ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ያንን መስመር በመሀል ዘንግ ዙሪያ 32 ጊዜ እየደገመ አዞረው። 11 በ32፣ 352 ገጽ ያለው ጀበና በአንድ ትእዛዝ ተወለደ። እጀታውን ለብቻው አበጅቼ ለጠፍኩት። ደስ ብሎኝ ለክፍል ጓደኞቼ ሳሳያቸው አንዱ "ፕላስቲክ ይመስላል" አለኝ።

ነገሩ ገባኝ። እዚሁ ጉለሌ፣ ቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች ጀበና የሚሠሩት በእጃቸው ነው። ጭቃውን ራሳቸው እያዞሩ፣ በጣታቸው እየጫኑ ያወጡታል። አንገቱ ትንሽ ያዘነብላል፤ ሆዱ አንድ ጎኑ ያበጠ ይሆናል። የኔው ጀበና ግን ምንም እንከን አልነበረውም፤ እንከኑ እሱ ነበር። የቤታችንን ጀበና ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መግፋት ጀመርኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ሳያውቁት የሸክላ ሠሪዋ አውራ ጣት የተጫነበትን ቦታ ማግኘት እንዴት ደስ እንደሚል ምን ልበላችሁ።

ነጠላዋን ስሠራም እንዲሁ ነው የተማርኩት፤ ግን ይኼኛው ቀላል ነበር። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ድርና ማግ የሚገናኙበትን እያንዳንዱን ቦታ ይቆጥራል፤ ክሩ ከላይ ይለፍ ወይስ ከታች? የኮምፒውተር ምስልም ከትንንሽ ካሬዎች፣ ከፒክስሎች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ቀለም አለው። ስለዚህ የእናቴን ነጠላ ጥለት ካሬ ወረቀት ላይ ቆጥሬ ገለበጥኩት። ሸማኔዎቻችን ኮምፒውተር ሳይኖር ይህን ሥራ ያውቁት ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ጀበናዬ ባዶ ይሁን ወይ ቡና የሞላበት፣ ለኮምፒውተሩ ልዩነት የለውም። ውፍረት የሌለው ቅርፊት ነው፤ ክብደቱ ዜሮ። ሞዴሉ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ይህ ማንንም አያስቸግርም። ሲንቀሳቀስ ግን ጉዱ ይወጣል።

ኳሷ ለምን ተንሳፈፈች?

ሁለተኛው ፕሮጀክት የምትወድቅ ኳስ ነበረች። "ይቺማ የሕፃን ሥራ ናት" ብዬ ነበር።

አኒሜሽን በእውነቱ የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም። ቆመው የሚታዩ ምስሎች በፍጥነት ይከታተላሉ፤ አእምሯችን ያያይዛቸዋል። በሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚያልፈው፤ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። ድሮ ሠዓሊዎች ሁሉንም በእጅ ይሥሉ ነበር። አሁን ዋና ዋናዎቹን ብቻ እንሰጣለን። "በፍሬም 1 ኳሷ እዚህ ናት፣ በፍሬም 13 መሬት ላይ ናት" እንላለን፤ መሀሉን ኮምፒውተሩ ይሞላል። እነዚያ ዋናዎቹ ቁልፍ ፍሬሞች ናቸው።

ሰጠሁት፤ ሞላልኝ። ኳሷ ወረደች። ግን እንደ ኳስ ሳይሆን እንደ ሊፍት ነበር የወረደችው። ኮምፒውተሩ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትሩን ለ12 እኩል አካፍሎት ነበር፤ በየፍሬሙ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሌላውን አማራጭ ስሞክር ደግሞ ቀስ ብላ ተነሥታ፣ መሬት ልትነካ ስትል ፍሬን ያዘች! መሬት ሲደርስ የሚጠነቀቅ ኳስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እውነተኛ ኳስ ስትወድቅ ፍጥነቷ በየቅጽበቱ ይጨምራል። በ24 ፍሬም ስናስበው፣ በመጀመሪያው ፍሬም የምትወርደው 0.85 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሁለተኛው የዚያን 3 እጥፍ፣ በሦስተኛው 5 እጥፍ፣ በአራተኛው 7 እጥፍ። 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9… ጎዶሎ ቁጥሮች! ይህን ያስተዋለው ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ነው፤ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት፣ ኳስ በተዳፋት ላይ እያንከባለለ። በ12ኛው ፍሬም ኳሷ 23 እጥፉን፣ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ትዘልላለች። ሁሉም ሲደመር 1 ሜትር ከ22፣ በግማሽ ሰከንድ። ቁጥሮቹን አስገባሁ። ኳሷ ወደቀች። በቃ፣ ወደቀች!

እናንተም ሞክሩት፤ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አሮጌ ደብተር አምጡና በተከታታይ ዘጠኝ ገጾች ጠርዝ ላይ ኳስ ሣሉ። በመጀመሪያው ገጽ ከላይ አድርጓት። ከዚያ በየገጹ የምትወርደው ርቀት 3 ሚሊ ሜትር፣ 10፣ 17፣ 24 ይሁን። ቀጥሎ መልሳችሁ ወደ ላይ ውሰዷት፤ 24፣ 17፣ 10፣ 3። ገጾቹን በአውራ ጣታችሁ ፈጠን አድርጋችሁ አገላብጡ፤ ኳሷ ትነጥራለች። ከዚያ በሌላ ጠርዝ ላይ እኩል እኩል ርቀት አድርጋችሁ ሣሉና አወዳድሩ። ልዩነቱን ትንሽ ወንድማችሁ ሳይቀር ይነግራችኋል። ጋሊሊዮን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ዓይኑ የሚወድቅ ነገር ሲያይ ነው ያደገው።

መምህራችን ግን እዚህ አላበቁም። "የብረት ኳስና የቅርጫት ኳስ ከዚያው ከፍታ ቢለቀቁ?" ብለው ጠየቁን። ግማሾቻችን ብረቱ ይቀድማል አልን። በዚህ አጭር ርቀት አየሩ ብዙም ስለማይዛቸው እኩል ነው የሚደርሱት፤ ያው 1፣ 3፣ 5፣ 7 ነው። ታዲያ ተመልካች አንዱ ከባድ መሆኑን በምን ያውቃል? በአወዳደቁ አይደለም። ከባዱ ነገር የሚታወቀው ስናስነሣው፣ ስናስቆመውና ስንሸከመው ነው። ብረቱን ለማንሣት ሰውየው መጀመሪያ እግሩን ያሰፋል፣ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ኳሱ ገና አልተነሣም፣ ተመልካቹ ግን ክብደቱን አይቷል።

ያን ዕለት በደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። የገባኝ ግን እማማ "ጥጥ?" ሲሉኝ ነው።

ሸክሙ እንጨቱ ላይ አልነበረም

የፊልሟን ሴት የሠራኋት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰውነቷን ቀረጽኩ። ውስጧ አጥንት ከተትኩ፤ በአኒሜሽን ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሱት አጥንቶች ይባላሉ፣ እንደኛው አጥንት መገጣጠሚያ አላቸው። ከዚያ እያንዳንዱ አጥንት የትኛውን ቆዳ እንደሚጎትት በቀለም ይቀባል። ይህ ሥራ በሶፍትዌሩ "ዌይት" ይባላል፤ ክብደት ማለት ነው። ከእውነተኛ ክብደት ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም! እኔ ሞኟ ለአንድ ሳምንት እንጨቱን ያከበድኩት መስሎኝ ነበር። አካሄዷን ደግሞ ከኢንተርኔት ያወረድኩት፣ ሌላ ሰው የሠራው ዝግጁ አካሄድ ነበር። በእጅ ቦርሳ ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው አካሄድ። እሱ ላይ ነው እንጨት የጫንኩት።

እማማን "ታዲያ እንዴት ነው የምትሄዱት?" አልኳቸው። በአፋቸው ሊነግሩኝ ሞከሩ፤ አልሆነም። ተነሡና ከማጀት የቆየ ገመድ አመጡ። ግቢው ውስጥ ከተከመረው ማገዶ አስረው፣ 20 ኪሎ ቢሆን ነው፣ በጀርባዬ ጫኑብኝ። "በይ ውረጂ" አሉኝ። ወንድሜ በስልኩ እየቀረጸ፣ እየሳቀም፣ ከበራችን እስከ ታችኛው ቧንቧ ወረድኩ።

50 እርምጃ አይሞላም። ግን ሦስት ሳምንት ስክሪን ላይ አፍጥጬ ያላየሁትን ሁሉ ጀርባዬ በአንድ ጊዜ ነገረኝ።

አንደኛ፣ ቀና ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱን ማታ በቁጥር ሠራሁት፤ እናንተም ተከተሉኝ። ሴትየዋ 50 ኪሎ ብትመዝን፣ ሸክሟ ደግሞ 30 ኪሎ ቢሆን። (የተጋነነ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ በላይ የሚሸከሙ ብዙ ናቸው።) ቀጥ ብላ ብትቆም የእንጨቱ መሀል ከሰውነቷ መሀል 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሆናል እንበል። የሁለቱን የጋራ የክብደት ማዕከል ለማግኘት 30ን በ35 አባዙ፣ ለጠቅላላው ለ80 አካፍሉ። 13 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ማዕከሉ ያን ያህል ወደ ኋላ ተንሸራቷል ማለት ነው። እግሯ 24 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ከመሀሉ እስከ ተረከዟ 12 ብቻ ነው። ማዕከሉ ከእግሯ ውጪ ወጣ። አንድ የቆመ ነገር የክብደት ማዕከሉ ከመቆሚያው ውጪ ከወጣ ይወድቃል። እንግዲህ የኔዋ ሴት፣ ያን ያህል ቀጥ ብላ ስትራመድ የነበረችው፣ እውነተኛዋ ጉለሌ ብትሆን በጀርባዋ ትዘረጋ ነበር። እንጨት ተሸካሚዎች የሚያጎነብሱት ስለደከማቸው ብቻ አይደለም። ማዕከሉን ወደ እግራቸው መመለስ ስላለባቸው ነው። ይህን ስሌት ማንም አላስተማራቸውም፤ ጀርባቸው ያሰላዋል።

ሁለተኛ፣ እጄ። በፊልሜ የሴትየዋ እጆች እየተወዛወዙ ነበር። እኔ ግን ገመዱን ደረቴ ላይ ጨብጬ ይዤ ነበር፤ ብለቀው ሸክሙ ይሄዳል። የሚወዛወዝ እጅ የለም።

ሦስተኛ፣ እግሬ። ስንራመድ ሁለቱም እግሮቻችን መሬት ላይ የሚሆኑበት አጭር ጊዜ አለ፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ላይ ከጠቅላላው ዑደት 20 በመቶ ገደማ ነው። ሸክም ሲኖር ይህ ጊዜ ይረዝማል። ሰውነት በአንድ እግር መቆምን ይፈራል። የወንድሜን ቪዲዮ እያቆምኩ ስቆጥር እርምጃዬ ወደ 16 ፍሬም ይወስዳል፤ በፊልሜ ግን 12 ነበር። የኋላው እግር የሚነሣው የፊተኛው በደንብ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ጉልበቴም በየእርምጃው ይታጠፋል፤ ወደ ታች የሚመጣውን ክብደት የሚያቆመው እሱ ነውና። እማማ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፤ "ዳገት ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ቁልቁለት ጉልበት።" ሰው ሁሉ መውረድ ይቀላል ይላል። በሚቀጥለው ቀን ጭኖቼን ብትጠይቋቸው ሌላ ይነግሯችኋል፤ ስንወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፣ ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳምማል።

አራተኛው ያልጠበቅኩት ነው። ከቧንቧው ጋ ስቆም እኔ ቆምኩ፣ እንጨቱ አልቆመም። ትንሽ ወደ ፊት ገፋኝ፣ ከዚያ ተመለሰ። እየሄደ ያለ ከባድ ነገር መሄዱን መቀጠል ይፈልጋል፤ ኒውተን ያለው ነው። አኒሜተሮችም ያውቁታል። የዲዝኒዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሆች አንዱ ይኸው ነው፤ ዋናው አካል ሲቆም ተከታዩ ዘግይቶ ይቆማል። ለፈተና ሸምድጄው ነበር እኮ። በፊልሜ ግን እንጨቱን ጀርባዋ ላይ በሙጫ እንደተለጠፈ አድርጌ አስሬው ነበር።

በዚያ ሰሞን የልጅነቴ ፕሮግራም ትዝ አለኝ። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ባቋቋመችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተሠራው፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ ያለችበት። ፀሐይ አሻንጉሊት ናት፤ ውስጧ የሰው እጅ አለ። ስታዘነብል እውነት ታዘነብላለች፤ ስበቱን ማንም ማስላት የለበትም፣ ክፍሉ ውስጥ አለና። ይኸው ድርጅት በኋላ ስለ ሦስት ጀግና ልጃገረዶች የሚተርከውን "ጥበብ ገርልስ" የሚባለውን አኒሜሽን ሲሠራ ያ ነጻ ስበት የለም። ሁሉንም ነገር፣ የቀሚስ መውረድን ጭምር፣ አንድ ሰው ተቀምጦ መወሰን አለበት። ተመልካች ሆኜ ሳለሁ ይህ ልዩነት ጭራሽ ታይቶኝ አያውቅም።

ቪዲዮ እያቆሙ መቁጠርም የኔ ፈጠራ አይደለም። ለብዙ ዘመን ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ አራቱንም እግሮች ዘርግተው አየር ላይ ያደርጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በተከታታይ ካሜራዎች የሚጋልብ ፈረስ አነሣ። አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ተዘርግተው ሳይሆን ከሆዱ ሥር ተሰብስበው ነው። ታላላቆቹ ሠዓሊዎች እንኳ ያላዩትን አይተናል ብለው ሥለውታል። እኔ በየቀኑ በበራችን የሚያልፉ ተሸካሚዎችን አላየሁም ብል ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ ብዬ ነው።

16 ሰዓት እና መብራት

እንቅስቃሴውን እንደ አዲስ ሠራሁ፤ ያወረድኩትን አካሄድ ጥዬ፣ ፍሬም በፍሬም። የቀረው ሬንደር ነው። ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃኑን፣ ጥላውን፣ ቀለሙን አስልቶ የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣ ነው። የኔ ላፕቶፕ ለአንድ ፍሬም 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። 10 ሰከንድ በ24 ፍሬም፣ 240 ፍሬም፤ በ4 ደቂቃ ሲባዛ 16 ሰዓት!

ማታ ጀምሬ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ስነሣ የሚከፈት ፋይል አልነበረም። ምክንያቱም ውጤቱን በቀጥታ አንድ ቪዲዮ እንዲያደርግልኝ አዝዤው ነበር፤ ቪዲዮ ፋይል ደግሞ ሳይዘጋ ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር ካለ ንገሩኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማንም የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይያዘው። ሬንደሩን በቪዲዮ ሳይሆን በተናጠል ምስሎች አውጡት፤ 240 ፎቶ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ያለው። በ137ኛው ላይ መብራት ቢሄድ 136ቱ ተቀምጠዋል፤ ሲመጣ ከ137 ትቀጥላላችሁ። ሲያልቅ ምስሎቹን ወደ ቪዲዮ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ትልልቅ ስቱዲዮዎችም በምስል ነው የሚያወጡት። እኛ ሰፈር ግን ምክንያቱ ይበልጥ ግልጽ ነው።

ሁለተኛዋን ፊልም ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። ያው በርጩማ፣ ያው ላፕቶፕ። ሴትየዋ አጎንብሳ፣ ገመዷን ደረቷ ላይ ጨብጣ ስትወርድ እማማ ምንም አላሉም። እጃቸው ግን ሳያውቁት ትከሻቸው ላይ ሄደ፤ ገመዱ ያርፍበት የነበረበት ቦታ ላይ። ስትጨርስ፣ "የት ነው የምታርፈው?" አሉኝ።

"ማን?"

"ይቺ ልጅ ናታ። ከላይ ጀምራ እስከ ታች ሳታርፍ ነው እንዴ የምትወርደው?"

የ10 ሰከንድ ፊልም ናት ብዬ ላስረዳቸው አሰብኩና ተውኩት። ከዚያ ማረፊያቸውን አሳዩኝ። ከበራችን ከፍ ብሎ የድንጋይ ካብ አለ፤ ቁመቱ ወገብ ድረስ ነው። ተሸካሚዎች ሸክሙን መሬት አያወርዱትም፣ ካወረዱት ብቻቸውን ማንሣት አይችሉም። ጀርባቸውን ለካቡ ሰጥተው ቀስ ብለው ይጠጉና እንጨቱን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡታል፤ ገመዱን ግን አይፈቱትም።

አሁን ይህን እየሠራሁ ነው። የሚከብደኝ አንድ ቅጽበት ነው፤ ክብደቱ ከጀርባዋ ወደ ድንጋዩ የሚያልፍባት። መጀመሪያ እንጨቱ ድንጋዩን ይነካል፣ ቀጥሎ ገመዱ ይላላል፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ መጨረሻ ላይ አንገቷ ቀና ይላል። ቅደም ተከተሉን ከቪዲዮ አግኝቼዋለሁ። ስንት ፍሬም ይፍጅ የሚለው ነው ያልጨረስኩት። በ9 ሞከርኩት፣ እማማ "ቸኮለች" አሉ። አሁን 20 ላይ ነኝ።